ማክዴቪድ ለምን በርካሽ ፈረመ? የሆኪው የደመወዝ ጣሪያና የምዕራቡ ጠባብ በር

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ትልልቅ ውሎች ተፈረሙ። ሴፕቴምበር 30፣ 2025 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሚኒሶታ ዋይልዱ ኪሪል ካፕሪዞቭ ለስምንት ዓመት በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በሰሜን አሜሪካው ናሽናል ሆኪ ሊግ ታሪክ እስከዚያ ቀን ይህን የሚያህል ውል አልነበረም። ኦክቶበር 6 ላይ የኤድመንተን ኦይለርሱ ኮነር ማክዴቪድ ተከተለ፤ ሁለት ዓመት ብቻ፣ በዓመት 12.5 ሚሊዮን። ከሁለት ቀን በኋላ የቬጋስ ጎልደን ናይትሱ ጃክ አይክል ለስምንት ዓመት በዓመት 13.5 ሚሊዮን ብሎ ፈረመ።

ሰው ግራ የተጋባው በመካከለኛው ውል ነው። ማክዴቪድ የዓለም ምርጡ የሆኪ ተጫዋች ነው ሲባል የሚከራከር ብዙ አይገኝም። ታዲያ እንዴት ከካፕሪዞቭ በ4.5 ሚሊዮን ያነሰ ይወስዳል? ደግሞስ ለምን ሁለት ዓመት ብቻ? ግማሹ ሰው “ለክለቡ ያለው ፍቅር ነው” አለ። ግማሹ “ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው” አለ። ጭቅጭቁ እስካሁን አልበረደም።

እግር ኳስ ለለመደ ዓይን የሆኪ ገበያ እንግዳ ነገር ነው። እዚህ ክለብ ለክለብ 100 ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም፤ ሀብታሙ ባለቤት እንደልቡ ኪሱን መፍታት አይችልም፤ ተጫዋቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ሌላ ከተማ ሊላክ ይችላል። ይህን ሳይዙ ማን ለምን ሄደ፣ ማን ለምን ቀረ የሚለውን መረዳት ይከብዳል። ማን ዋንጫ ሊበላ እንደሚችል መገመት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

የ2015 ባች

አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2025 ገበያውን ያናወጡት አምስት ተጫዋቾች የአንድ ባች ልጆች ናቸው። ሁሉም የተመረጡት በ2015ቱ ድራፍት ነው። ድራፍት ማለት ክለቦች 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች በየዓመቱ በወረፋ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ደካማው ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው። ልጁ ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ነው ልጁን የሚመርጠው።

በዚያ ዓመት ማክዴቪድ 1ኛ ሆኖ ለኤድመንተን ወጣ። አይክል 2ኛ ለቡፋሎ። ሚች ማርነር 4ኛ ለቶሮንቶ። ፊንላንዳዊው ሚኮ ራንታነን 10ኛ ለኮሎራዶ። ካፕሪዞቭስ? 135ኛ። አዎ፣ ከ134 ልጆች በኋላ ነው ስሙ የተጠራው፣ ከአምስቱ ትልቁን ውል የፈረመው ግን እሱ ነው።

ከአምስቱ ውስጥ በመረጣቸው ክለብ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ማክዴቪድና ካፕሪዞቭ። ራንታነን ዳላስ ገባ። ማርነርና አይክል ቬጋስ ተገናኙ። አሁን ሁሉም የሚጫወቱት በሊጉ ምዕራብ ኮንፈረንስ፣ ማለትም ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ጎራዎች በአንዱ ነው። ከምዕራብ ወደ ፍጻሜው የሚያልፈው ደግሞ አንድ ክለብ ብቻ ነው። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ጣሪያው ምንድን ነው?

የደመወዝ ጣሪያ፣ በእነሱ አነጋገር ሳላሪ ካፕ፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ማውጣት የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ ነው። ለ32ቱም ክለቦች እኩል ነው። ኒውዮርክም ሆነ ዊኒፔግ ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም። ወለልም አለው፤ ከተወሰነ መጠን በታች ማውጣትም ክልክል ነው።

ይህ ሥርዓት በቀላሉ አልመጣም። ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ ሳይስማሙ ቀርተው የ2004/05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። አንድም ጨዋታ አልተካሄደም። በቀጣዩ ዓመት ጣሪያው በ39 ሚሊዮን ተጀመረ። ዛሬ ስሌቱ በግርድፉ ሲታይ የሊጉ ገቢ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ለተጫዋቾች ግማሹ ለባለቤቶች፣ ጣሪያውም ከዚያ ይወጣል የሚል ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ስታዲየም ባዶ ሆነ፣ ገቢው ወደቀ፣ ተጫዋቾች ከድርሻቸው በላይ ስለወሰዱ የባለቤቶች ባለዕዳ ሆኑ። ዕዳው እስኪከፈል ጣሪያው ደርቆ ቀረ። በ2019/20 81.5 ሚሊዮን የነበረው በ2023/24 83.5 ነበር። በአራት ዓመት ሁለት ሚሊዮን ብቻ መሆኑ ነው። ዕዳው ሲያልቅ ግን ግድቡ ተለቀቀ። በ2024/25 88 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 95.5፣ ለ2026/27 104፣ ለ2027/28 ደግሞ 113.5 ሚሊዮን እንደሚሆን ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በጃንዋሪ 2025 ይፋ አደረጉ።

የዛሬው ግርግር ሁሉ ምንጩ እዚህ ጋ ነው። ጣሪያው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ሰው አስቀድሞ አወቀ።

የማክዴቪድ ሒሳብ

በሆኪ ደመወዝን በዶላር ብቻ ማየት ያሳስታል። የሚታየው ከጣሪያው ላይ የሚወስደው ድርሻ ነው። መሶቡ አንድ ነው፤ አንዱ ጉርሻውን ባተለቀ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል።

ማክዴቪድ 12.5 ሚሊዮን መቀበል የጀመረው በ2018/19 ነው። ያኔ ጣሪያው 79.5 ሚሊዮን ስለነበር ድርሻው 15.7 በመቶ ገደማ ነበር። አዲሱ ውል ሲጀምር ጣሪያው 104 ሚሊዮን ይሆናል። ያው 12.5 ሚሊዮን 12 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የካፕሪዞቭ 17 ሚሊዮን በዚያው ጣሪያ 16.3 በመቶ ይወስዳል። በሕጉ አንድ ተጫዋች እስከ ጣሪያው 20 በመቶ ድረስ መጠየቅ ይችላል። ማክዴቪድ በፈረመበት ቀን ይህ 19.1 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ “ደመወዙ አልጨመረም” ማለት ብቻ አይበቃም፤ ድርሻው ቀንሷል።

የተረፈው ገንዘብ የት ሄደ? በዚያው ሰሞን ኤድመንተን አንጋፋውን ተከላካይ ማቲያስ ኤክሆልምን ለሦስት ዓመት በዓመት 4 ሚሊዮን አስፈረመ። ማክዴቪድ ካፕሪዞቭን አክሎ ቢጠይቅ ኖሮ የኤክሆልም ቦታ በሒሳብ ደረጃ አይኖርም ነበር። “ለቡድኑ ሲል ነው” የሚሉት ሰዎች ይህን ነው የሚያሳዩት፣ ልክም ናቸው።

ግን ሁለት ዓመት የሚለውን አይመልስም። እዚህ ላይ ቤት የሚያከራይ ሰው ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ኪራይ በየዓመቱ እንደሚጨምር እያወቀ የስምንት ዓመት ውል በአንድ ዋጋ የሚፈርም አከራይ የለም። የማክዴቪድ ውል በ2028 በጋ ያልቃል። ያኔ 31 ዓመቱ ነው፣ ገና አልደከመም። ጣሪያው 113.5 ከሆነ 20 በመቶው 22.7 ሚሊዮን ነው፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ዋንጫ ነው። ኤድመንተን በ2024 ፍጻሜ በፍሎሪዳ ፓንተርስ በጨዋታ ድል 3 ለ 0 ተመርቶ 3 ለ 3 ካደረሰ በኋላ ሰባተኛውን ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ማክዴቪድ በጎልና በማቀበል 42 ነጥብ ሰብስቦ የምርጥ ተጫዋች ሽልማት አሸነፈ፣ በተሸናፊ ቡድን ውስጥ ሆኖ። ስሙ ሲጠራ ወደ በረዶው አልወጣም። መልበሻ ክፍል ቀረ። በ2025ም በዚያው ፍሎሪዳ 4 ለ 2 ተሸነፉ። እንዲህ ያለ ሰው አጭር ውል ሲፈርም ለክለቡ የሚያስተላልፈው ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን ትቼላችኋለሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቡድን ሥሩ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ስጦታውና ማስጠንቀቂያው ያው አንድ ወረቀት ላይ ነው ያሉት።

አደጋም አለው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ጉልበቱ ቢጎዳ የስምንት ዓመት ዋስትናው የለም። አይክል በአንገት ጉዳት ከቡፋሎ ጋር በቀዶ ሕክምና ምርጫ ተጣልቶ፣ ወራት ያለ ጨዋታ ቆይቶ፣ በኖቬምበር 2021 ወደ ቬጋስ የተላከ ሰው ነው። በ2023 እዚያ ዋንጫ በላ። እሱ የረጅሙን ውል መርጧል፣ አይፈረድበትም።

ራንታነን፦ በ42 ቀን ሦስት ክለብ

ትሬድ የሚባለው ልውውጥ ከእግር ኳስ ዝውውር የሚለየው የዝውውር ሒሳብ ስለሌለው ነው። ተጫዋች በተጫዋች ወይም በመጪ ዓመታት የድራፍት ተራ ይለወጣል። ውሉ ላይ “ያለ ፈቃዴ አልንቀሳቀስም” የሚል አንቀጽ የሌለው ተጫዋች ስልክ ሲደወልለት ሻንጣውን ማዘጋጀት ነው።

ጃንዋሪ 24፣ 2025 ለራንታነን የሆነው ይህ ነው። ውሉ በዚያ ዓመት በጋ ያልቅ ነበር። ኮሎራዶ አቫላንች ኮከቡ ኔተን ማክኪነን በ12.6 ሚሊዮን የተቀመጠበት ቤት ነው፣ ከዚያ በላይ ለማንም መክፈል አልፈለገም። በነፃ ከሚሄድ ብሎ ወደ ካሮላይና ሀሪኬንስ ላከው፣ በምትኩ ማርቲን ኔቻስና ጃክ ድሩሪን ከድራፍት ተራዎች ጋር ወሰደ። ቺካጎም መሃል ገብቶ የራንታነንን ደመወዝ ግማሽ ለመሸከም ተስማማና አንድ የሦስተኛ ዙር የድራፍት ተራ አገኘ። ቺካጎ አጥቂውን ቴይለር ሆልንም ለካሮላይና ሰጠ። ከእሱ ጋር ጣሪያው ሥር የነበረውን ባዶ ቦታም ሸጠ። እንዲህም ይነገዳል።

ራንታነን ካሮላይና ውስጥ 13 ጨዋታ አድርጎ ረጅም ውል አልፈርምም አለ። ማርች 7፣ የልውውጡ መስኮት በሚዘጋበት ዕለት፣ ወደ ዳላስ ስታርስ ተላከ። ካሮላይና ወጣቱን ሎገን ስታንኮቨንን፣ ሁለት የአንደኛና ሁለት የሦስተኛ ዙር ተራዎችን ተቀበለ። ራንታነን ወዲያው ለዳላስ ስምንት ዓመት ፈረመ፣ በዓመት 12 ሚሊዮን።

የፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር ድልድል ሲወጣ ደግሞ ዳላስ ከማን ጋር ደረሰው? ከኮሎራዶ ጋር።

በፕሌይኦፍ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጨዋታ ይገናኛሉ፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። ሁለቱ ተናንቀው ሰባተኛው ላይ ደረሱ። ሜይ 3፣ ዳላስ። የዳላስ ምርጡ ተከላካይ ሚሮ ሄይስካነንና አጥቂው ጄሰን ሮበርትሰን በጉዳት የሉም። ሆኪ ሦስት ባለ 20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለው፤ ሦስተኛው እንደተጀመረ ማክኪነን አገባና ኮሎራዶ 2 ለ 0 መራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ዘግቷል። ራንታነን አንድ አገባ። ቀጥሎ ከጎሉ ጀርባ ዞሮ ፓኩን፣ ያቺን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ ወደ ውስጥ ሲገፋት የኮሎራዶ ተከላካይ ጫማ ነክታ ገባች። 2 ለ 2። ሦስተኛዋን ለዋያት ጆንስተን አቀበለ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ኮሎራዶ ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ሲያጠቃ፣ ባዶው ጎል ውስጥ ሃትሪኩን ጨረሰ። 4 ለ 2። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጎልና አንድ ማቀበል፣ ከሦስት ወር ገደማ በፊት የላከውን ክለብ ከውድድር ያስወጣ።

ኮሎራዶ ተሳስቷል? እዚህ ላይ ክርክሩ እስከዛሬ አለ። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ኮሎራዶ ያንኑ በምትክ የመጣውን ኔቻስን ለስምንት ዓመት በዓመት 11.5 ሚሊዮን አስፈረመ። “ለራንታነን 12 እምቢ ብለህ ለኔቻስ 11.5?” የሚለው ሳቅ ከዚህ የመጣ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ነው ልዩነቱ። ግን ድርሻውን እንመልከት። የራንታነን 12 ሚሊዮን ሲጀምር ከ95.5 ላይ 12.6 በመቶ ነበር፤ የኔቻስ ሲጀምር ከ104 ላይ 11 በመቶ ነው። ኔቻስ በዕድሜም ያንሳል። ከኮሎራዶ ወገን ሆኖ ለሚከራከር ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ የሜይ 3ን ቪዲዮ ይከፍትልሃል።

ማርነርና የግብር ጉዳይ

ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ዋንጫ ካነሳ 1967 ነው። ዳንፎርዝ አካባቢ የሚኖር አበሻ ሆኪ ባያይም እንኳ በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ መኪና ላይ የሚውለበለበውን ሰማያዊ ባንዲራ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ የሰፈሩን ኩርፊያ ያውቀዋል። ከ2017 እስከ 2025 ቡድኑ በተከታታይ ፕሌይኦፍ ገባ፣ ያለፈው ግን ሁለት ዙር ብቻ ነው፣ በ2023 እና በ2025። በሜይ 2025 በሜዳው በፍሎሪዳ 6 ለ 1 ሲሸነፍ ማርነር ላይ ያልወረደ እርግማን የለም። በመደበኛው ውድድር 102 ነጥብ ያመጣ ልጅ ነበር፤ የዚያው አካባቢ ተወላጅ።

“ያለ ፈቃዴ አልንቀሳቀስም” የሚለው አንቀጽ ነበረው። በማርች ላይ ቶሮንቶ በራንታነን ሊለውጠው ፈቃዱን ጠይቆ እምቢ እንዳለ በሰፊው ተዘግቧል። ጁን 30 ላይ ግን ራሱ መርጦ ወጣ። አሠራሩ ሳይን ኤንድ ትሬድ ይባላል፤ ፈርሞ መለወጥ ነው። በወቅቱ ሕግ የራሱ ክለብ ስምንት ዓመት ሊያስፈርመው ይችላል፣ ሌላ ክለብ ግን ሰባት ብቻ። ስለዚህ ቶሮንቶ ስምንት ዓመት በ12 ሚሊዮን አስፈረመውና ወዲያው ወደ ቬጋስ ላከው፣ በምትኩ ኒኮላ ርዋን አገኘ። ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በአዲሱ የሥራ ስምምነት ረጅሙ የውል ዘመን ለራስ ክለብ ሰባት፣ ለሌላ ስድስት ዓመት ይሆናል።

የሰው ወሬ ግን ወዲያው ግብር ላይ አረፈ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኦንታሪዮ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከፌዴራሉ ጋር ተደምሮ ከ53 በመቶ ያልፋል። ኔቫዳ፣ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ቴኔሲና ዋሽንግተን ስቴት በደመወዝ ላይ የስቴት ግብር የላቸውም፣ የሚከፈለው የፌዴራሉ ብቻ ነው። በእነዚህ ስቴቶች ስድስት ክለብ አለ። ዋንጫዎቹን እንቁጠር፦ ታምፓ 2020 እና 2021፣ ኮሎራዶ 2022፣ ቬጋስ 2023፣ ፍሎሪዳ 2024 እና 2025። ከስድስት አምስቱ። የደመወዝ ጣሪያው እኩል ሆኖ ኪስ የሚገባው እኩል ካልሆነ፣ ዳላስ በ12 ሚሊዮን የሚይዘውን ሰው ቶሮንቶ በ12 አይይዘውም። ክርክሩ ይህ ነው፣ ጠንካራ ነው።

ግን ብዙ ሰው አጋኖታል የሚል እምነት አለኝ። ፍሎሪዳ ፓንተርስ ከ1996 እስከ 2022 አንድም የፕሌይኦፍ ዙር አላሸነፈም። ሃያ ስድስት ዓመት! ግብሩ ያኔም ዜሮ ነበር። ናሽቪል በጁላይ 2024 ስቲቨን ስታምኮስን፣ ጆናታን ማርሸሶንና ብሬዲ ሼይን በአንድ ቀን አስፈርሞ በቀጣዩ ዓመት ፕሌይኦፍ እንኳ አልገባም። ሲያትልም በግብር እየተጠቀመ ያለው ያን ያህል አይታይም። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማንም የፍሎሪዳ ቡድኖች ደካማ በነበሩ ጊዜ ማንም ግብርን አላነሳም ብሎ ያጣጥለዋል። ተጫዋች ደግሞ ሲጓዝ በሚጫወትበት ስቴትም ግብር ይከፍላል፣ ስለዚህ “ዜሮ” የሚባለው ሙሉ ዜሮ አይደለም።

ግብር ጥሩ ቡድን ያለውን ክለብ ይበልጥ ያጠነክራል፤ መጥፎውን አያድንም። ፍሎሪዳ በ2025 በጋ ሳም ቤኔትን በ8 ሚሊዮን፣ አሮን ኤክብላድን በ6.1፣ ብራድ ማርሻንድን በ5.25 ይዞ ማስቀረት የቻለው ግብሩም ረድቶት ነው፣ ግን ሁለት ዋንጫ በተከታታይ ያነሳ ቤትን ትቶ መሄድስ ማን ይፈልጋል?

የሚኒሶታ ሙት ገንዘብ

ካፕሪዞቭ ለምን 17 ሚሊዮን እንዳገኘ ለመረዳት ወደ 2021 እንመለስ። ሚኒሶታ ያረጁ ሁለት ኮከቦቹን፣ ዛክ ፓሪዜንና ራያን ሱተርን፣ ውላቸው ሳያልቅ አሰናበተ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። ለማይጫወቱ ሰዎች የሚታሰበው ገንዘብ በየዓመቱ ከጣሪያው ላይ ይቀነሳል። ሙት ገንዘብ የሚሉት ይህን ነው። በ2023/24 እና በ2024/25 ሚኒሶታ በየዓመቱ 14.7 ሚሊዮን ገደማ እንዲሁ በከንቱ ተቀነሰበት። ሌሎች በ88 ሚሊዮን ሲጫወቱ እሱ በ73 መጫወቱ ነበር።

በ2025/26 ቅጣቱ ከሁለት ሚሊዮን በታች ወረደ። በአንድ ጊዜ ጣሪያው ጨመረ፣ ዕዳው ቀለለ። ክለቡ ያኔ ከ2015 ወዲህ አንድ ዙር እንኳ አልፎ አያውቅም ነበር፣ ካፕሪዞቭን ካጣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ክለብ ዋጋ አይከራከርም። ዲሴምበር 12፣ 2025 ደግሞ ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱን ኩዊን ሂውዝን ከቫንኩቨር ወሰደ፤ ማርኮ ሮሲን፣ ዚቭ ቡዩምን፣ ሊያም ኦግረንንና የአንደኛ ዙር ተራ ከፍሎ። ዋጋው ውድ ነው። የሂውዝ ውል በ2027 ያልቃል፣ ካልፈረመ የራንታነን ታሪክ በሌላ መልክ ይደገማል።

በፕሌይኦፍ የተዘጋው ቀዳዳ

ለረጅም ጊዜ ጣሪያው አንድ ቀዳዳ ነበረው። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙን ያህል ክለቡ ከጣሪያው በላይ ማውጣት ይችል ነበር፤ በፕሌይኦፍ ደግሞ ጣሪያ የሚባል ነገር አይሠራም ነበር። ታምፓ በ2021 ኒኪታ ኩቼሮቭን በዳሌ ቀዶ ሕክምና ምክንያት መደበኛውን ውድድር ሙሉ አሳርፎ ለፕሌይኦፉ መለሰው። ዋንጫው ተበላ። ኩቼሮቭ በድሉ ማግስት “ከጣሪያው 18 ሚሊዮን በላይ” የሚል ካናቴራ ለብሶ ታየ። ሕግ አልጣሱም፣ ግን ሁሉም ሰው ነገሩን ተረዳው። በ2025ም የፍሎሪዳው ማቲው ትካቸክ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ተጎድቶ ለመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ጨዋታ ተመለሰ። ጉዳቱ እውነተኛ ነበር። ቢሆንም የተገኘው ቦታ ቡድኑን ለማጠናከር ጠቅሟል።

ከ2025/26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም ጣሪያ አለ። በዕለቱ ለጨዋታ የሚለብሱት 20 ሰዎች ድምር ከጣሪያው ማለፍ የለበትም። ይህ በቀጥታ የሚነካው ፍሎሪዳን ነው። አምበሉ አሌክሳንደር ባርኮቭ በሴፕቴምበር 2025 በመጀመሪያው ልምምድ ጉልበቱ ተቀደደ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ተባለ። በእሱ ቦታ ሰው ሞልተው በፕሌይኦፍ ደግሞ እሱን ቢመልሱ፣ ሌላ ውድ ተጫዋች በዚያ ምሽት ሱፍ ለብሶ መቀመጥ ሊኖርበት ይችላል።

የምዕራቡ በር

አሁን ወደ አምስቱ ልጆች እንመለስ። የሊጉ ፕሌይኦፍ 16 ቡድን ይይዛል፣ ከየኮንፈረንሱ ስምንት። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ በሁለት ምድብ ይከፈላል። ከየምድቡ ሦስቱ በቀጥታ ይገባሉ፣ ሁለት ቀሪ ቦታ ደግሞ ለሚቀጥሉት ይሰጣል። ችግሩ የምድቡ 2ኛና 3ኛ ገና በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ መጋጠማቸው ነው።

ኮሎራዶ፣ ዳላስና ሚኒሶታ በአንድ ምድብ ናቸው። ሦስቱም ለዋንጫ የሚታሰቡ ቡድኖች ሆነው፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ የመግባቱ ዕድል ሰፊ ነው። በ2025 ለኮሎራዶ የደረሰው ይኸው ነው። የድልድሉ ደጋፊዎች በጎረቤቶች መካከል ፉክክር ይፈጥራል ይላሉ፣ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታዎች ሞቅ ያሉ መሆናቸውም አይካድም። ግን አንድ ክለብ 82 ጨዋታ ለፍቶ ያገኘው ደረጃ እምብዛም እንዳይጠቅመው ያደርጋል። ከ1 እስከ 8 ተራ ይዞ 1ኛን ከ8ኛ ማገናኘት የተሻለ ነበር፤ ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ የብዙ ተጫዋቾችም ነው።

ኮሎራዶ በ2025/26 ከመነሻው ከሊጉ አናት ነው የተቀመጠው፣ በእኔ ግምት ከምዕራብ ጠንካራው እሱ ነው። ዳላስ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሦስት ጊዜ በተከታታይ በምዕራብ ፍጻሜ ወድቆ አሰልጣኙን ፒት ደቦርን አባረረ። የተካው ግሌን ጉሉትዘን ነው፣ ዳላስን ሁለት ጊዜ ያሰናበተው የኤድመንተን ምክትል የነበረ ሰው። ቬጋስ የ2015 ባች ሁለት ልጆች አሉት፣ ምድቡም ቀለል ይላል። ሚኒሶታ ተከላካይ አገኘ፣ ግን መሃል ሜዳው ሮሲን ከሰጠ በኋላ ሳሳ።

ኤድመንተንስ? የእሱ ጣጣ ሁሌም ጎሉ ላይ ነው። በ2025ቱ ፍጻሜ ግብ ጠባቂው ስቱዋርት ስኪነር በሦስተኛውም በአራተኛውም ጨዋታ መሃል ላይ ተቀይሮ ወጣ። ማክዴቪድ ርካሽ ውል ፈርሞ ያተረፈው ገንዘብ እዚያ ካልዋለ የት ይዋላል የሚለው ጥያቄ ወራት ዘለቀ። ሂውዝ ሚኒሶታ በገባበት በዚያው ዲሴምበር 12 ኤድመንተን ስኪነርን ወደ ፒትስበርግ ልኮ ትሪስታን ጃሪን አመጣ። ጃሪም ቢሆን ወጣ ገባ የሚል ግብ ጠባቂ ነው፤ ይሻላል ብሎ ለመማል ይከብዳል።

በሕጉ ማክዴቪድ ቀጣዩን ውል ከኤድመንተን ጋር መነጋገር የሚችለው ከጁላይ 1፣ 2027 ጀምሮ ነው። ከፈረመበት ቀን እስከዚያ ድረስ ያሉት ሁለት ፕሌይኦፎች ናቸው፣ የ2026 እና የ2027።